ሁሉም ነገር ላይ «ነው» አትለጥፉ! (ስለ ኮሪያኛ ግሥ የሚወሩ ስህተቶች)

ማታ ማታ ኮሪያኛ አስተምራለሁ። አዲስ ክፍል በጀመርኩ ቁጥር ያው ወሬ ይመጣል። ሰለቸኝ፤ አንዴ ጽፌው ልገላገል። የኮሪያኛውን ድምፅ በፊደላችን ነው የምጽፈው። ደግሞ ይመቻል፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪው የሚሰቃይባቸው ሁለት አናባቢዎች፣ «እ» እና «ኧ» የሚመስሉት፣ እኛ አፍ ውስጥ ያደጉ ናቸው።

«ለእኔ፣ ለአንተ፣ ለእሷ የተለያየ ርባታ መሸምደድ አለብን።» የለባችሁም! እሄዳለሁ፣ ትሄዳለህ፣ ትሄጃለሽ፣ ይሄዳል፣ ትሄዳለች፣ እንሄዳለን፣ ትሄዳላችሁ፣ ይሄዳሉ እያልን 8 ቦታ የምንበትነው እኛ ነን። እነሱ ለሁሉም «ካዮ» ብለው ይጨርሳሉ።

«መዝገበ ቃላት ላይ ያየሁትን እንዳለ እናገረዋለሁ።» «መክታ» የሚለውን አይታችሁ «ቸነን መክታ» ካላችሁ፣ ለሰሚው «እኔ መብላት» እንደማለት ነው። መጀመሪያ መጨረሻ ላይ ያለችውን «ዳ» (አንዳንዴ «ታ» ተብላ ትሰማለች) አውጧት። ከቀረው ግንድ የመጨረሻው አናባቢ «አ» ወይም «ኦ» ከሆነ «አዮ»፣ ሌላ ከሆነ «ኧዮ» ጨምሩ። ሳልዳ (መኖር) ሳራዮ ይሆናል፣ መክታ ደግሞ መገዮ። አናባቢ ከአናባቢ ሲገናኝ ይዋሃዳል፦ ኦዳ (መምጣት) ዋዮ፣ ማሺዳ (መጠጣት) ማሸዮ። ሃዳ (ማድረግ) ግን አፈንግጦ ሄዮ ይላል። እሱንም ድራማ ያየ ሁሉ ያውቀዋል፤ «ሳራንግሄ» (እወድሻለሁ) ውስጥ ያለችው «ሄ» እሷው ናት።

«ከሕግ የወጡት ግሦች አያልቁም።» ያልቃሉ። ጥቂት ቡድኖች ናቸው (ከታች የምትመጣው «ቹፕታ» ከአንዱ ናት)፣ እየተናገራችሁ ትለምዷቸዋላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ንዴቴ። «ቅጽል ከሆነ ነው ይጨመርበታል» የሚል እምነት አለ። ከየት እንደመጣ አውቃለሁ፤ ኮሪያኛን በእንግሊዝኛ ማብራሪያ ስለምንማር ነው። እንግሊዝኛው «ቆንጆ»፣ «ከባድ»፣ «ቀዝቃዛ» ለማለት ረዳት ግሥ ይፈልጋል፣ ተማሪው ደግሞ «ነው» የሚለውን «ኢኤዮ» ፈልጎ ያገኝና ያገኘው ቃል ላይ ሁሉ ይለጥፈዋል።

ባለፈው ሐምሌ፣ ዝናቡ ጣሪያውን እየደበደበ፣ አንዷ ተማሪዬ ነጠላዋን ጥምጥም አድርጋ «ቹፕታ ኢኤዮ» አለችኝ። አምስት ወር የተማረች ልጅ! «በአማርኛ ንገሪኝ እስቲ» አልኳት።

«ይበርዳል።»

«ነው የታለች?»

ዝም አለች። ከኋላ አንዱ ብልጥ «ብርድ ነው እንላለን እኮ ቲቸር» አለ። እንላለን፤ ግን «ብርድ» ስም ነው። ኮሪያኛም ለስም «ኢኤዮ» ይላል፣ «ሃክሴንግ ኢኤዮ» (ተማሪ ነኝ) ትክክል ነው። «ቹፕታ» ግን ስም አይደለም፣ እንደ ግሥ ራሱ ይረባል፦ ቹወዮ። ይበርዳል። አለቀ።

እኛ ደግሞ ይሄን ለመረዳት ማንም አይቀድመንም ነበር። «ሻንጣው ይከብዳል» እንል የለ? ሙገወዮ። «ቀሚስሽ ያምራል»? ዬጰዮ። «ወጡ ይጣፍጣል»? ማሺሰዮ። ኮሪያኛ ቅጽል ስታዩ «ቆንጆ»ን ሳይሆን «ያምራል»ን አስቡ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቅጽል ሳስተምር ቦርዱ ላይ እንግሊዝኛ መጻፍ አቁሜያለሁ፣ ስህተቱም በግማሽ ቀነሰልኝ (ቆጥሬ አይደለም፣ ራስ ምታቴን አይቼ ነው)።

«የአሁን ጊዜ ለአሁን ብቻ ነው።» እኛ «ነገ እሄዳለሁ» ስንል ምን ለየን? እነሱም «ኔኢል ካዮ» ይላሉ። እየሄድኩ ነው ብላችሁ ማጥበቅ ካማራችሁ «ካጎ ኢሰዮ» አለላችሁ።

«ሴዮ አክብሮት ስለሆነ ለሁሉም ይሆናል።» ለራሳችሁ አይሆንም። «ቸነን ካሴዮ» የሚል ሰው ራሱን አንቱ እያለ ነው።

የድራማው ወሬ ደግሞ አለ። «ዮ ማሳመሪያ ናት፣ ድራማ ላይ አይሏትም።» ዮ የትሕትና መጨረሻ ናት፤ ድራማ ላይ የማይሏት ጓደኛሞች፣ ፍቅረኛሞችና የሚሰዳደቡ ሰዎች ስለሆኑ ነው! አንድ ተማሪዬ ሥራ ቦታው ላይ አባቱ የሚሆኑ ኮሪያዊ አለቃ ጥያቄ ቢጠይቁት፣ ከድራማ የለቀማትን «ሞላ» ብሎ መለሰላቸው። አላውቅም ለማለት ነው። ድምፁ ልክ ወያላ «ሞላ! ሞላ!» እንደሚለው ነው፣ ትርጉሙ ግን ለሽማግሌ «እኔ ምን አውቄልህ» እንደማለት ይሆናል። ሰውየው ለደቂቃ ያህል ዝም ብለው አዩት አሉ። «ሞላዮ» ቢል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልፍ ነበር። ልጁ አሁን ለጥበቃውም፣ ለሻይ አፍይዋም፣ ለእኔም «ዮ» ሳይል አይናገርም፤ ባለፈው በአማርኛ «እሺ ዮ» ሲለኝ ሰማሁት።