በዳልሜኒ ርስት በብስክሌት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከስኮትላንድ ዋና ከተማ ከኤድንብራ በስተ ምዕራብ፣ በሳውዝ ኩዊንስፌሪ ከተማና በክራመንድ መንደር መካከል፣ የፎርዝን የባሕር ሰርጥ ተከትሎ የተዘረጋው የዳልሜኒ ርስት ይገኛል። ደኑን፣ የግጦሽ መስኩንና የባሕር ዳርቻውን እያቋረጠ የሚያልፈው መንገድ የመኪና ግርግር የሌለበት በመሆኑ፣ ልጆች ይዘው በብስክሌት ለሚወጡ ቤተሰቦች ከከተማዋ አቅራቢያ ከዚህ የተሻለ ብዙ የለም ብዬ አምናለሁ። ሆኖም ስለ መንገዱ ከሚወራው መካከል አንዳንዱ ሰውን ያለ ምክንያት ከቤት ያስቀራል፤ አንዳንዱም አደጋ ላይ ይጥላል። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«የመኳንንት ርስት ስለሆነ ያለ ፈቃድ አይገባም።»

ርስት የሚለውን ቃል ስንሰማ አጥርና ዘበኛ ቢታየን አያስደንቅም፤ ዳልሜኒም በእርግጥ የግል ይዞታ ነው። የፕሪምሮዝ ቤተሰብ መሬቱን የገዛው በ1662 ሲሆን፣ የሮዝቤሪ ኧርል የሚለው ማዕረግ እስከ ዛሬ በዚሁ ቤተሰብ እጅ ነው፤ አምስተኛው ኧርል ከ1894 እስከ 1895 የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። ነገር ግን በስኮትላንድ የመሬት ባለቤትነትና በመሬቱ የማለፍ መብት ተለያይተው የሚታዩ ናቸው። በ2003 የወጣው የመሬት ማሻሻያ ሕግ፣ ማንኛውም ሰው ኃላፊነት በተሞላበት መንገድ እስከተንቀሳቀሰ ድረስ በእግር፣ በብስክሌት ወይም በፈረስ በአብዛኛው መሬት ላይ ማለፍ እንደሚችል ደንግጓል። ስለዚህ ፈቃድ መጠየቅም ሆነ የመግቢያ መክፈል አያስፈልግም። ስሕተቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው እንግሊዝ ውስጥ ከኖሩ ሰዎች ይመስለኛል፤ እዚያ ብስክሌተኛ የሚፈቀድለት በተለዩ መንገዶች ብቻ ነውና።

መብቱ ገደብ የለውም ማለት ግን አይደለም። የመኖሪያ ቤት ግቢና የአትክልት ስፍራ፣ የተዘራ ማሳና በሞተር ተሽከርካሪ መጓዝ ከመብቱ ውጪ ናቸው። የከብት በር ተዘግቶ ከተገኘ ተዘግቶ፣ ተከፍቶ ከተገኘም ተከፍቶ መተው አለበት፤ ልጆች ይህን ከአዋቂዎች ይልቅ ቶሎ ይይዙታል።

«የፎርዝ ድልድይን ቀለም መቀባት አያልቅም።»

ጉዞው የሚጀመረው በ1890 ከተከፈተውና በ2015 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበው ከዚሁ የባቡር ድልድይ ሥር ስለሆነ፣ አንድ ሰው ይህን ተረት ለልጆቹ መንገሩ አይቀርም። ቀቢዎቹ ከአንደኛው ጫፍ ሲደርሱ ከሌላው እንደገና ይጀምራሉ የሚባለው ወሬ በእንግሊዝኛ ማለቂያ ለሌለው ሥራ ሁሉ ምሳሌ እስከ መሆን ደርሷል። እውነታው ግን አሮጌው ቀለም ተፍቆ፣ ከ20 ዓመት በላይ እንዲቆይ ታስቦ የተሠራ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ሥራው በ2011 መጠናቀቁ ነው።

«በባሕሩ ዳር የሚታየው ግንብ የኧርሉ መኖሪያ ነው።»

አይደለም። ግንቡ ባርንቡግል ይባላል፤ የዛሬ መልኩንም ያገኘው አምስተኛው ኧርል በ1881 እንደ አዲስ ሲያሠሩት ነው። መኖሪያው በ1817 የተጠናቀቀውና ከግንቡ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ የሚገኘው የዳልሜኒ ቤት ነው።

«መንገዱ አጭር ስለሆነ ማንኛውም ብስክሌት ይበቃዋል።»

ከባቡር ድልድዩ ሥር ተነስቶ ክራመንድ ብሪግ እስከተባለው አሮጌ የድንጋይ ድልድይ ድረስ ያለው ርቀት ከ10 ኪሎ ሜትር የማይበልጥ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከፊሉ ኮረኮንች ነው፣ ከዝናብ በኋላም ይጨቀያል። ቀጭን ጎማ ያለው የውድድር ብስክሌት ያስቸግራል። በኤሌክትሪክ የሚታገዝ ብስክሌት ይዞ ለመሄድ ያሰበ ቤተሰብም በብሪታንያ ሕግ ከ14 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እንዲህ ያለውን መንዳት እንደማይችል ማወቅ ይኖርበታል።

«ክራመንድ ሲደረስ በታንኳ መሻገር ይቻላል።»

ብዙ ቤተሰብ ያለቀሰበት ስሕተት ይህ ነው። ርስቱንና የክራመንድን መንደር የሚለየው አልመንድ የተባለ ጠባብ ወንዝ ሲሆን፣ በወንዙ አፍ ላይ ለረጅም ዘመን ሰው የሚያሻግር ታንኳ ነበር። ታንኳ ቀዛፊው በ1997 ከወንዙ ጭቃ ውስጥ አንዲት ሴት አንበሳ ሰው ስትበላ የሚያሳይ የሮማውያን ዘመን ሐውልት ማግኘቱ ይታወቃል፤ ሐውልቱ አሁን በኤድንብራ በሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ነው። በ2001 ግን አፍተግር የተባለው የከብት በሽታ በብሪታንያ በመስፋፋቱ አገልግሎቱ ተቋረጠ፤ በሽታው ካለፈ በኋላም አልተመለሰም። በዚህም ምክንያት በዳርቻው እስከ ወንዙ አፍ የሄደ ሰው የመንደሩን ቡና ቤት በድንጋይ ውርወራ ርቀት ላይ እያየ ሊሻገር አይችልም። ማድረግ ያለበት ከዚያ በፊት ወደ ውስጥ ታጥፎ በክራመንድ ብሪግ ድልድይ ማለፍ ነው። ከድልድዩ ወደ መንደሩ የሚወስደው የወንዝ ዳር የእግር መንገድ ቀጥ ያለ ደረጃ ስላለበት፣ ብስክሌት የያዘ ቤተሰብ በመኖሪያ ሰፈሮቹ መካከል የሚያልፈውን መንገድ ቢመርጥ ይሻላል።

«ክራመንድ ደሴትን ለማየት ግማሽ ሰዓት ይበቃል፤ ውሃው ሲመጣ እናየዋለን።»

በጣና ወይም በሐዋሳ ዳር ላደገ ሰው የውሃ ዳርቻ ጠዋት በነበረበት ማታም የሚገኝ ነገር ነው። የፎርዝ ባሕር ግን በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ ሁለት ጊዜ ይመለሳል። ባሕሩ ሲሸሽ ከክራመንድ እስከ ደሴቱ አንድ ማይል ያህል የሚሄድ የእግር መንገድ ይገለጣል፤ በጎኑ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጠላት ጀልባ እንዳያልፍ የተተከሉ የኮንክሪት ጥርሶች ተሰልፈዋል። መሻገሪያው ደህና የሚሆነው ባሕሩ ዝቅ ከሚልበት ሰዓት ሁለት ሰዓት አስቀድሞና ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ባለው ጊዜ ብቻ ነው። ውሃው ከፊት እንደሚመጣ ማዕበል ሳይሆን ከጎን ቀስ ብሎ ስለሚሞላ፣ ደሴቱ ላይ ያለ ሰው መንገዱ መሸፈኑን የሚያውቀው ለመመለስ ሲነሳ ነው፤ የኩዊንስፌሪ የነፍስ አድን ጀልባ እንዲህ የቀሩ ሰዎችን ለማምጣት ደጋግማ ትጠራለች። የየዕለቱ ሰዓት በመንገዱ መነሻ ላይ ይለጠፋል፤ ብስክሌቱ ከመቆሙ በፊት የሚነበበው እሱ ነው።