ሊግኒንን በኤሌክትሪክ ፕላዝማ መበተን እና የወሎ አገዳ

ሊግኒን የዕፅዋትን የሕዋስ ግድግዳ አጠንክሮ የሚይዝ ውህድ ሲሆን፣ በተፈጥሮ ከሚገኙ የዕፅዋት ፖሊመሮች (ከትናንሽ ክፍሎች ተደጋጋሚ ትስስር ከሚሠሩ ግዙፍ ውህዶች) በብዛቱ ከሴሉሎስ ቀጥሎ ይጠቀሳል። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1813 ያወጣለት የስዊዘርላንዱ የዕፅዋት ሊቅ ደ ካንዶል ነው። ከእንጨት ደረቅ ክብደት በአብዛኛው ከ20 እስከ 30 በመቶው ሊግኒን ሲሆን፣ በቆቦ፣ በሐርቡና በባቲ ቆላዎች የሚታጨደው የማሽላ አገዳ ግን ያነሰ መጠን ይዟል። የወረቀት ፋብሪካዎች ሴሉሎሱን ወስደው ሊግኒኑን በአመዛኙ ለማገዶ ያውሉታል፤ ከእንጨት ሊግኒን ቫኒሊን፣ ማለትም የቫኒላን ሽታና ጣዕም የሚሰጠውን ውህድ፣ የሚያመርተው የኖርዌዩ ቦሬጋርድ ከጥቂቶቹ ተለይቶ የሚታይ ነው።

ሊግኒንን ከማንደድ ይልቅ ወደ ጠቃሚ ኬሚካሎች ለመበተን ከሚሞከሩት መንገዶች አንዱ ፕላዝማ ነው፤ ፕላዝማ ኤሌክትሮኖቹ ከአተሞቻቸው የተላቀቁበት ጋዝ ነው። ቬርነር ፎን ሲመንስ እ.ኤ.አ. በ1857 ኦዞን ለማምረት የሠራው፣ በሁለት ኤሌክትሮዶች መካከል መስታወት የሚገባበት መሣሪያ፣ ዛሬም በየቤተ ሙከራው የሚሠራበት የቀዝቃዛ ፕላዝማ ማመንጫ መሠረት ሆኗል። ሞቃቱ ፕላዝማ በሺዎች ዲግሪ ስለሚግል ሊግኒኑን እስከ ሃይድሮጂንና ካርቦን ሞኖክሳይድ ድረስ ይፈታዋል። በቀዝቃዛው ፕላዝማ ግን የሚግሉት ኤሌክትሮኖቹ ብቻ ናቸው፤ ጋዙ ለክፍል ሙቀት ቅርብ ሆኖ ይቆያል፣ ውሃ ካለም ሃይድሮክሲል የተባለ ራዲካል፣ ማለትም ያገኘውን ሁሉ በፍጥነት የሚያጠቃ ቅንጣት፣ ይፈጠራል። ይህ ራዲካልና ፈጣኖቹ ኤሌክትሮኖች የሊግኒንን ክፍሎች በኦክስጅን ያያዘውንና ቤታ-ኦ-4 የሚባለውን ማያያዣ ሲበጥሱ፣ ጓያኮልን፣ ቫኒሊንንና ሌሎች ፌኖሎችን (ለኬሚካል ሥራ የሚፈለጉ ባለ ቀለበት ውህዶችን) ማግኘት ይቻላል። ከፍተኛ ግፊትም ሆነ ውድ አነቃቂ (ካታሊስት) ሳያስፈልግ መሠራቱ ትልቁ ብልጫው ነው። ችግሩ ራዲካል አለመምረጡ ላይ ነው፦ ሥራው በጊዜው ካልተገታ የተገኘውን ፌኖል ራሱን ወደ አሲድና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወስደዋል፣ ወይም ቁርጥራጮቹ መልሰው ይጣበቃሉ። የሚፈጀው የኤሌክትሪክ ኃይልም ገና አከራካሪ ነው።

የማሽላ ሊግኒን እንደ ሌሎቹ ሣር ወገኖች በቀላሉ የሚላቀቁ የኩማሪክና የፌሩሊክ አሲድ ቅጥያዎች ስላሉት ለዚህ ሥራ የተመቸ ይመስላል፤ በውስጡ ያለው ሲሊካ ግን አመድ ያበዛል። ከሁሉ በላይ ደግሞ አገዳን «ተረፈ ምርት» ብሎ ማለፍ የወሎን ገበሬ አለማወቅ ነው፤ አገዳው የከብት መኖ፣ ማገዶና አጥር ነው፣ ጥንቅሹም ይመጠጣል። ሌላ አማራጭ የሚመስለው የቢራ አተላም ቢሆን ፈላጊው ከብት አርቢው ነው።

ስለዚህ ለመነሻ የሚሻለው በደሴና በኮምቦልቻ እንጨት ቤቶች የሚከማቸው የባህር ዛፍ ሰጋቱራ ነው። የባህር ዛፍ ሊግኒን ሲሪንጂል በተባለው ክፍል የበለጸገ በመሆኑ፣ ለመበጠስ አስቸጋሪ የሆኑት የካርቦን ለካርቦን ማያያዣዎች ያንሱበታል። በወሎ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ኬሚካል ምህንድስናንና ኤሌክትሪክ ምህንድስናን በአንድ ግቢ ማስተማሩ፣ የሁለቱን ሙያ ለሚጠይቀው ለዚህ ሥራ ከብዙ ቦታዎች ይልቅ የተመቸ ያደርገዋል፤ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያመነጨውን መሣሪያ አንደኛው ክፍል ሲሠራ፣ የተገኘውን ፌኖል ለይቶ መለካቱ የሌላኛው ድርሻ ይሆናል።