ቴሌግራም መርዶ ነጋሪ አይደለም፦ በጅማ ስለ ስልክና ስለ ወጋችን የሚባሉ የተሳሳቱ ነገሮች

ጅማ ውስጥ የስልክ ወሬ ሲነሳ አንዱ ወገን «ባህላችንን በላው» ይላል፤ ሌላው «ዘመኑ ነው፣ ሁሉ ነገር ቀለለ» ብሎ ያልፋል። ሁለቱም እድሩን ከዕቁቡ፣ ለቅሶውን ከቡናው ለይተው አያዩም። ስልክ በእያንዳንዱ ወግ ውስጥ የሚገባበት ቀዳዳ የተለያየ ስለሆነ የሚበላሸውም፣ የሚታገዘውም ነገር ይለያያል። ከፈረንጅ አራዳ እስከ ጅሬን ብዙ ከሚባሉት ውስጥ ጥቂቶቹን እናንሳ።

«ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ ተጥዶ የቡና ወግ ጠፋ»

ቡናው አልጠፋም። በየቤቱ ዛሬም ይቆላል፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይባላል። ጥሬውን ከማጠብ እስከ በረካ አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይሄዳል፤ ሲኒ አፍ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ግን ጥቂት ደቂቃ ነው። የቀረው ሁሉ መጠበቅ ነው፦ እስኪቆላ፣ እስኪወቀጥ፣ ጀበናው ፈልቶ እስኪሰክን፣ ከአቦል በኋላ ውሃ ተጨምሮ ዳግም እስኪፈላ። ጎረቤት የሚጠያየቀው፣ የተኳረፈ የሚታረቀው፣ የታመመው ሰው ወሬ የሚሰማው በዚህ መጠበቅ ውስጥ ነበር። ስልክ የያዘው ይህንኑ ክፍተት ነው። ሲኒው ሲመጣ ሁሉም ስልኩን ያስቀምጣል፤ ጀበናው ወደ እሳት ሲመለስ ሁሉም ያነሳል።

ቡና የምታፈላዋ የተቆላውን ይዛ ስትዞር እንግዳው ጭሱን በእጁ ወደ ፊቱ ሳብ አድርጎ ያሸትታል፣ «እሰይ» ይላል። አሁን ያ እጅ ስልክ ደግኖ ይቀርጻል፤ ቡናው በፊቱ አልፎ ወደሚቀጥለው ሰው ይሄዳል።

ስልክን ጨርሶ የከለከሉ ቤቶች ወጣቱ ከነአካቴው እንዲቀር ያደርጋሉ። የሚሻለው አንድ ዙር መምረጥ ነው። ከአቦል እስከ ቶና ያለው 15 ወይም 20 ደቂቃ ይበቃል፤ ስልኮቹ በአንድ ሰፌድ ላይ ይቀመጡ። መቅረጽ የፈለገ ቡናው ሲቆላ ይቅረጽ። ስልክ የሚጠብቅ፣ የታመመ ሰው ያለበት ወይም ተረኛ የጤና ባለሙያ ካለ ድምፁን ከፍቶ ያስቀምጥ።

«የእድር ግሩፕ ስላለን ጡሩንባ ነፊ አያስፈልገንም»

ጥሪው በግሩፕ መውጣቱ ለሰው ሁሉ ደረሰ ማለት አይደለም። መጀመሪያ የሚቀሩት የንክኪ ስልክ የሌላቸው አባላት ናቸው፤ እነሱም ብዙ ጊዜ እድሩን ያቋቋሙት አዛውንቶች ናቸው። ቀጥሎ ጥቅላቸው ያለቀባቸው ይቀራሉ። ጥቅል የሚጨርሰው የእድሩ መልእክት ሳይሆን በዚያው ግሩፕ የሚጎርፈው የበዓል ቪዲዮ ነው፤ ስልኩ ሳይጠየቅ በራሱ እያወረደ ይበላዋል። ይህን ለማስቆም የቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ» የሚለውን ከፍቶ በሞባይል ዳታ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ መዝጋት ነው። በሰላምታና በስዕል የተሰላቸ አባል ደግሞ የግሩፑን ድምፅ ያጠፋል፤ የቀብሩን ጥሪ የሚያየው ማታ ነው።

ስለዚህ ሁለት ግሩፕ ይኑር። አንዱ ለወግና ለሰላምታ፣ አንዱ ለጥሪ ብቻ። በጥሪው ግሩፕ የመጻፍ ፈቃድ ለአድሚኖች ብቻ ይሰጥ፤ ይህ የሚስተካከለው በግሩፑ ማስተካከያ «ፐርሚሽን» በሚለው ስር የአባላትን መልእክት የመላክ ፈቃድ በማጥፋት ነው። አድሚኖቹ ሊቀመንበሩ፣ ጸሐፊውና አንድ ወጣት ቢሆኑ በቂ ነው። መልእክቱ ሲወጣ ከላይ ይሰካ፣ ቀብሩ ሲያልፍ ይነሳ።

በመልእክቱ ውስጥ የሟች ስም ብቻውን አይበቃም፤ የማን አባት፣ የማን እህት እንደሆነ ካልተገለጸ አንባቢው ማን እንደሞተ አያውቅም። ለቅሶው ያለበት ሰፈርና ምልክቱ፣ የቀብሩ ቦታና ሰዓት፣ ድንኳን ለመትከል ተረኛ የሆኑት ስምም ይግባ። በሰዓት ላይ ደግሞ በተደጋጋሚ የሚፈጠር ስህተት አለ። የስልኩ ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ነውና ወጣቱ ከስልኩ አይቶ «ቀብር 3:00» ብሎ ይጽፋል፤ አዛውንቱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ብለው ይወጣሉ፣ ቀብሩ ግን ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። የተገላቢጦሹ የባሰ ነው፤ ጠዋት የሚቀበረውን ሰው ከሰዓት ደርሰው ያጡታል። «ከቀኑ 9 ሰዓት» ተብሎ በቃል ይጻፍ።

ማንበብ ለሚቸገር ሰው 30 ሰከንድ የሚሆን የድምፅ መልእክት ይጨመር፤ አንዱ በአማርኛ፣ አንዱ በአፋን ኦሮሞ። ስልክ ለሌላቸው ደግሞ በየመንደሩ በር የሚያንኳኳ አንድ ሰው በስም ይመደብ፤ «ጎረቤት ይነግራቸዋል» ከተባለ ማንም አይነግራቸውም። ጡሩንባው ያላችሁ አትተዉት። ጥቅል አይፈልግም፣ መንገድ ላይ ያለውንም ሰው ያቆማል።

«ሐዘኑን ቶሎ ፌስቡክ ላይ ማውጣት ለሟች ክብር ነው»

ከእነዚህ ሁሉ ሰውን ክፉኛ የሚጎዳው ይህ ስለሆነ ረዘም እናደርገዋለን። መርዶ ሥርዓት አለው። የቅርብ ሰዎችና ሽማግሌዎች ተጠራርተው በማለዳ፣ ሰውዬው ከቤቱ ሳይወጣ ይደርሳሉ። ማለዳ የሚመረጠው በምክንያት ነው፤ ሌሊት የተነገረው ሰው ከሐዘኑ ጋር ብቻውን ያድራል፣ ማለዳ የተነገረው ግን ቀኑን ሙሉ ሰው ይከበዋል። ግፊት ወይም ስኳር ላለበት፣ ለነፍሰ ጡር፣ ለአራስ ደግሞ ማን እንዴት እንደሚናገር ይመከርበታል።

ከጅማና ከዙሪያዋ ወደ ሳውዲ፣ ወደ ዱባይ፣ ወደ ቤይሩት ለሥራ የሄዱ ብዙ ልጆች አሉ። አንዷ በአሠሪዎቿ ወጥ ቤት ቆማ፣ እጇን አድርቃ ስልኳን ትከፍታለች። የአባቷ ፎቶ ነው፤ ከሥሩ «ነፍስ ይማር» ወይም «ኢና ሊላሂ» የሚል ተደርድሯል። የለጠፈው የአክስቷ ልጅ ነው፣ ክፋት አላሰበም። እሷ ግን ድምፅ አውጥታ ማልቀስ በማትችልበት ቤት፣ አገርኛ የሚያናግራት አንድ ሰው በሌለበት አባቷ መሞቱን አወቀች። መርዶ ነጋሪ ያስፈለገው እንዲህ ያለው ነገር እንዳይደርስ ነበር።

«ቀብር ሊደርስ የሚገባው ሰው እንዴት ይስማ ታዲያ?» የሚለው ጥያቄ ትክክል ነው፤ በተለይ በሙስሊሙ ዘንድ ቀብር አይዘገይም፣ ብዙ ጊዜ በዕለቱ ነው። ለዚህ የሚሆነው ስልክ መደወልና የእድሩ ዝግ ግሩፕ ነው። በመልእክቱ መጨረሻ «ውጭ ያሉት ልጆች አልሰሙም፣ ማንም እንዳይለጥፍ» የሚል መስመር ይጨመር።

የሚሠራው እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ሰዓት ቤተሰቡ ከለቅሶው ቀለል ያለ አንድ ሰው ይመድብ። ያ ሰው ከአገር ውጭ ያሉትን ልጆች፣ እህትና ወንድሞች በወረቀት ይመዝግብ። ከዚያ ለራሷ ለልጅቷ አይደወልም፤ በዚያው ከተማ ላለ የቅርብ ጓደኛዋ ወይም ለአገር ልጅ ይደወላል። ጓደኛዋ ሥራ መቼ እንደምትጨርስ፣ እህል መቅመሷን፣ አጠገቧ ሰው መኖሩን አጣርታ ትነግራታለች። በአካል መድረስ ካልተቻለ ጓደኛዋ በስልክ አብራት ቆይታ ከዚያ ቤተሰቡ በኢሞ ይገናኛታል። ሰዓት ስታስቡ የሳውዲ ሰዓት ከእኛ ጋር እኩል ነው፣ ዱባይ በአንድ ሰዓት ይቀድመናል። ሁሉም መስማታቸው ሲረጋገጥ ፎቶውን ማውጣት ይቻላል፤ አንድ ቀን መታገስ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

አስቀድሞ የተለጠፈ ካለ ለለጠፈው ደውሉለት፤ በአስተያየት መስጫው ስር መጻፍ ልጥፉን ይበልጥ ሰው ፊት ያወጣዋል። ዋናው ልጥፍ ቢጠፋም ፎቶውን አውርደው በየራሳቸው ገጽ ያወጡት ይቀራሉ፣ ቴሌግራም ላይም ወደ ሌላ ግሩፕ የተላለፈው አይጠፋም። ስለዚህ ለእነሱም በየስማቸው መደወል ያስፈልጋል።

በቪዲዮ ለቅሶ መድረስን በተመለከተ፣ ከጅዳ የምትደውለው ልጅ ደርሳለች፤ የቻለችው ያንን ነው። ሁለት ቅያስ ማዶ ያለ ጎረቤት ግን ባለቀሰ ፊት ስዕል አይደርስም።

«በቴሌብር ስለምንከፍል ዕቁብ መሰብሰብ ቀረ»

ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ብሩ ሳይሰበሰቡም ይገባል። የሚቀረው ዋስትናው ነው። 20 ሰዎች በሳምንት 1,000 ብር ቢጥሉ ዕጣው 20,000 ብር ነው። በሁለተኛው ሳምንት የደረሰው ሰው የጣለው 2,000፣ የወሰደው 20,000 ነው፤ ለቀሩት 18 ሳምንታት ባለዕዳ ነው። ዕቁብ ዋስ የሚጠራው ለዚህ ነው፣ ዋሱም በመሰብሰቢያው ቀን ፊት ለፊት ይታይ ነበር። ግሩፕ ላይ «ዋስ እሆናለሁ» ብሎ የጻፈ ሰው ሲፈለግ ከግሩፑ ይወጣል።

ሌላው ችግር የክፍያ ፎቶ ነው። የስክሪን ፎቶ በቀላሉ ይስተካከላል፣ ያለፈው ሳምንት ፎቶም ቀኑ ተቆርጦ ይላካል። ጸሐፊው የአባሉን ፎቶ ትቶ በራሱ ስልክ ከቴሌብር ቁጥር ከ127 የገባለትን መልእክት ያመሳክር፤ የግብይት ቁጥሩን፣ የላኪውን ስምና መጠኑን በደብተር ይጻፍ። ዕጣ በስልክ መተግበሪያ ማውጣትም ጥርጣሬ ያመጣል፤ ሰው ሳያይ አሥር ጊዜ ሞክሮ የወደደውን ማሳየት ይቻላልና። በወር አንድ ጊዜ ቢሆንም ተሰብሰቡ፤ ዕጣው በወረቀት ይውጣ፣ ዋሱ በዚያው ቀን ይፈርም። የመታወቂያ ፎቶ ግሩፑ ላይ አይለጠፍ።

«ወጣቱ አማርኛን በላቲን የሚጽፈው ፊደሉን ስለናቀ ነው»

መነሻው ንቀት አልነበረም። አጭር መልእክት በላቲን ሲጻፍ 160 ቁምፊ ይይዛል፤ አንድ የግዕዝ ፊደል ከገባበት ግን ወደ 70 ይወርዳል። የቀድሞዎቹ ስልኮች ብዙዎቹ ፊደላችንን ማሳየትም አይችሉም ነበር፣ ተቀባዩ ባዶ ሳጥን ያይ ነበር። ጅማ ላይ ሌላም ምክንያት አለ፤ አፋን ኦሮሞ በቁቤ ስለሚጻፍ የብዙ ሰው ስልክ ላቲን ላይ ተስተካክሎ ይቆያል፣ አማርኛ ሲመጣ መቀየሩ ይሰለቻል።

በቴሌግራም ግን የፊደል ብዛት ዋጋ የለውም፤ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ብቻ ነው፣ ገጽ ሙሉ ጽሑፍ ከአንድ ፎቶ እጅግ ያንሳል። ጉዳቱ ትርጉም ላይ ነው። በላቲን «መጣ» እና «መታ»፣ «ጠራ» እና «ተራ» አንድ ዓይነት ይሆናሉ። «አባትህ መጣ» ተብሎ የተጻፈውን ልጁ «መታ» ብሎ ያነባል። በአንድሮይድ ስልክ ጂቦርድ አማርኛ አለው፤ በሴቲንግ ውስጥ የቋንቋ ዝርዝር ላይ አማርኛን ጨምሩ፣ ከዚያ የመሬት ሉል ምልክቱን በመንካት ከቁቤው ጋር ማቀያየር ነው። መጀመሪያ ሳምንት ይዘገያል፣ በሁለተኛው ጣት ይለምዳል።

«ሼር አደረግኩ እንጂ እኔ አልጻፍኩም»

አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ማሰራጨትን ይከለክላል፤ ማጋራት ማሰራጨት ነው። ድርጊቱ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከተፈጸመ ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት እስራት ይደርሳል። የሚያስቆጣ ፎቶ ሲደርሳችሁ ከማስተላለፋችሁ በፊት በጎግል ሌንስ ፈልጉት፤ የሌላ አገር፣ የሌላ ዓመት ፎቶ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው።

«የቡናው ዋጋ ቴሌግራም ላይ ወጥቷል፣ ነጋዴው አጭበረበረኝ»

ከአጋሮ፣ ከጎማና ከሊሙ ቡና የሚያወርዱ ገበሬዎች ልጆቻቸው ያነበቡላቸውን ዋጋ ይዘው ይመጣሉ። ዋጋ ማወቁ ትልቅ ነገር ነው፤ ጠቡ የሚመጣው ዋጋው የየትኛው ቡና እንደሆነ ካልታየ ነው። የኒው ዮርክ የቡና ገበያ ዋጋ በፓውንድ ነው፤ ፓውንድ ግማሽ ኪሎ አይሞላም። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ዋጋ ደግሞ በፈረሱላ ነው፤ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። ሁለቱም የሚናገሩት ስለተፈለፈለ ጥሬ ቡና ነው፤ ገበሬው ግን እጁ ላይ ያለው እሸት (ቀይ ፍሬ) ወይም ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ፍሬ) ነው። አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ለማግኘት ወደ 6 ኪሎ እሸት ወይም ወደ 2 ኪሎ ደረቅ ጀንፈል ይፈልጋል።

ለስሌት ያህል፣ ቻናሉ ለፈረሱላ 6,800 ብር ቢል፣ ለ17 ሲካፈል ኪሎው 400 ብር ነው። ጀንፈሉ በኪሎ ከ200፣ እሸቱ ከ67 ብር አይበልጥም፤ ከዚህም ላይ የመፈልፈያው፣ የማጓጓዣውና የነጋዴው ትርፍ ይቀነሳል። ጀንፈሉ በደንብ ካልደረቀ ገዢው ለእርጥበቱ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ሚዛን ላይ ከመውጣቱ በፊት ፍሬውን አንቀጫቅጮ ድምፁን መስማት ነው። «ጅማ 5» የሚለው ያልታጠበ ቡና ነው፣ «ሊሙ 2» የታጠበ፤ የአንዱን ዋጋ ለሌላው መጥራት አይሆንም። ቻናሉን ስታነቡ አራት ነገር በወረቀት ጻፉ፦ ቀኑን፣ ዓይነቱንና ደረጃውን፣ መለኪያውን፣ ዋጋው የተጠራበትን ቦታ። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ በዚያ ዋጋ አትከራከሩ፤ በዕለቱ ሁለት ገዢ ጠይቁ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራችሁንም ጨምሩ።