በፖሊስ የኃይል አጠቃቀም ላይ ነጻ የሲቪል ቁጥጥር ምንድን ነው?

ፖሊስ ተኩሶ ሰው ሲሞት ወይም በእስር ያለ ሰው ሲጎዳ፣ የተወሰደው እርምጃ ሕጋዊ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን ከፖሊስ መዋቅር ውጭ ያለ፣ ከፖሊስ አዛዥ ትእዛዝ የማይቀበል አካል እንዲያጣራ ማድረግ ነው። ሐሳቡ ለወሎ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ደም ለማድረቅ ሽማግሌ ሲቀመጥ የገዳይ ወንድም ብቻውን ዳኛ ልሁን ቢል፣ የሟች ወገን ጥሎ ይሄዳል።

እንዲህ ያለው ቁጥጥር አንድ ዓይነት አይደለም። በአንዳንድ አገር ተቆጣጣሪው ፖሊስ ራሱ አጣርቶ የጨረሰውን መዝገብ አንብቦ አስተያየት ይሰጣል። በሌላው ደግሞ የራሱን መርማሪዎች ይዞ ቦታው ድረስ ይሄዳል። እኔ ቁጥጥር የምለው ሁለተኛውን ነው፤ ምክንያቱም ነገሩ የሚወሰነው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። የወደቀውን ቀለህ ማን ሰበሰበ? መሣሪያው ለማን እንደተሰጠ የሚያሳየው መዝገብ በማን እጅ ነው? የተኮሱት ፖሊሶች ቃላቸውን የሰጡት ለየብቻ ነው ወይስ ተመካክረው? እነዚህን ፖሊስ ብቻውን ካከናወናቸው፣ ከወር በኋላ የሚመጣው ተቆጣጣሪ የሚያነበው የተጠርጣሪውን መሥሪያ ቤት ቃል ነው። በእኛ አካባቢ ደግሞ ቀብር አይዘገይም። ሙስሊሙ ከተቻለ በዕለቱ ይቀበራል፤ ክርስቲያኑም ብዙ አይቆይም። ስለዚህ መርማሪው ፈጥኖ መድረስና የአስከሬን ምርመራ ለምን እንደሚያስፈልግ ለቤተሰቡ በአክብሮት ማስረዳት አለበት።

በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው የደቡብ አፍሪካ ሕግ ይህን በሚገባ አስቦበታል። በፖሊስ እጅ ወይም በፖሊስ እርምጃ ሰው ሲሞት፣ ፖሊስ ለነጻው የምርመራ አካል ወዲያው ማሳወቅ፣ በ24 ሰዓት ውስጥም የጽሑፍ ሪፖርት ማቅረብ ግዴታው ነው። ኬንያም በዚያው ዓመት ነጻ የፖሊስ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን በሕግ አቋቁማለች።

ጥር 12 ቀን 2010 ዓ.ም. ወልድያ ላይ በሚካኤል በዓል የጸጥታ ኃይሎች በሕዝብ ላይ ተኩሰው ሰዎች ሲሞቱ፣ የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት ነጻ ምርመራ እንዲደረግ ጠይቆ ነበር። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከውጭ መምጣቱ ያሳዝነኛል። ከፖሊስ ውጭ የሆነ ተቋም የለንም ማለት አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 መነሻነት በአዋጅ ቁጥር 210/1992 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አቤቱታን በቃልም በጽሑፍም፣ ያለ ክፍያ ይቀበላል፤ ምርመራም ያካሂዳል። ሆኖም ሥራው ሰፊ ነው፤ የእስረኛውም የተፈናቃዩም ጉዳይ ይመለከተዋል። የምርመራው ውጤትም ምክረ ሐሳብ ነው፤ ክስ የሚመሠርተው ዐቃቤ ሕግ ነው።

ሰውን ከሞት ለማዳን ብሎ የተኮሰ ፖሊስም ይህን ቁጥጥር ይፈልገዋል። የገዛ አለቃው «ጥፋተኛ አይደለም» ቢል የሟች እናት አታምንም። ያንኑ ቃል የምታምነው ቀለሁን ራሱ ከለቀመ፣ ምስክሮቿን ራሱ ከሰማ የውጭ መርማሪ አፍ ስትሰማው ነው።