«ወደ ካኖሳ አንሄድም»

ይህን ያለው የጀርመኑ መራሔ መንግሥት ቢስማርክ ነው። ጊዜው ሜይ 14 ቀን 1872 እ.ኤ.አ.፣ ቦታው የበርሊን ምክር ቤት። ጀርመንና ቫቲካን ተካረው ነበር። «አትስጉ፣ በአካልም ሆነ በመንፈስ ወደ ካኖሳ አንሄድም» አለ። ዛሬ ጀርመኖች «ካኖሳ መሄድ» ሲሉ ኩራትን ውጦ ይቅርታ ለመለመን ደጅ መጥናት ማለታቸው ነው። እኛ ድንጋይ ተሸክሞ እግር ላይ መውደቅ የምንለው ዓይነት።

ካኖሳ በሰሜን ጣልያን አለት ላይ የተሠራ ግንብ ነበር። ባለቤቷ የቶስካናዋ ገዢ ማቲልዳ ነች።

ካኖሳን ያስጠራት የ11ኛው ክፍለ ዘመን ጠብ የሹመት ነው። ጳጳሳትን ማን ይሹም? የጀርመኑ ንጉሥ ሄንሪ 4ኛ «እኔ» አለ፤ የሮማው ጳጳስ ጎርጎርዮስ 7ኛም «እኔ» አለ። በ1076 ጎርጎርዮስ ንጉሡን አወገዘው። ይባስ ብሎ ተገዢዎቹን ሁሉ ከታማኝነት መሐላቸው ፈታቸው። ዋናው ጉዳት ይሄ ነው። በዚያ ዘመን መንግሥት የቆመው በመሐላ ነበር። መስፍኑ ለንጉሡ ይምላል፣ ግዛቱን እንደ ጉልት ይይዛል፣ ጦር ይዞ ይዘምታል። መሐላው ሲፈታ ድሮም ያኮረፉት የሳክሶኒ፣ የስዋቢያና የባቫሪያ ሹማምንት ሰበብ አገኙ። ውግዘቱን በዓመት ውስጥ ካላስነሳህ አናውቅህም አሉት። የደቡቡ መሳፍንት የአልፕስን በሮች ዘጉበት።

ሄንሪ በቡርጎኝ ዞረ። በክረምት፣ ከሚስቱ ከበርታና ሦስት ዓመት ካልሞላው ልጁ ጋር፣ የሞንሰኒን ተራራ ተሻገረ። ጃንዋሪ 1077 ካኖሳ ደረሰ። ጎርጎርዮስ ራሱ ለጀርመን መሳፍንት በጻፈው ደብዳቤ እንዳለው፣ ንጉሡ የንግሥና ልብሱን አውልቆ፣ በባዶ እግሩ፣ ሱፍ ለብሶ ሦስት ቀን በሩ ላይ ቆመ። በዙሪያው ያሉት «ይሄ ጭካኔ ነው» ብለው እንደወቀሱትም አልደበቀም። ማቲልዳና የክሉኒ ገዳም አበምኔት ሂዩ አማለዱት። በሩ ተከፈተ።

ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ባዶ እግሩን ነው። እኔ ግን ሄንሪ ተሸንፎ ተመለሰ አልልም። ውግዘቱ ሲነሳ የመሳፍንቱ ሰበብ ከእጃቸው ወጣ። ቢሆንም በማርች ወር የስዋቢያውን መስፍን ሩዶልፍን አነገሡ። ጦርነት ሆነ። በ1080 ሩዶልፍ በውጊያ ቀኝ እጁ ተቆርጦ ሞተ። ለሄንሪ የማለበት እጅ ነው ተባለ። የእሱ ነው የሚባል የደረቀ እጅ በመርዘቡርግ ካቴድራል ተቀምጧል።