«አልመታኋትም እኮ!» እና ድሬ ላይ የምንሰማቸው ሌሎች ስህተቶች

ድሬዳዋ ውስጥ ከዚራ ሰፈር ቡና ስትጠጡም ሆነ መጋላ ዕቃ ስትገዙ፣ ባሏ ስለሚያጠቃትና ስለምትጨነቅ ሴት የምትሰሙት ያው የተሳሳተ ወሬ ነው።

«ካልመታት ምን ሆና ትጨነቃለች?»
ጥቃት ማለት ዱላ ብቻ አይደለም። ስድብ፣ ዛቻ፣ ብር መከልከል፣ ስልክ መበርበር፣ ከእናቷና ከእህቶቿ ማራቅም ጥቃት ነው። በር በተንኳኳ ቁጥር «ዛሬ ደግሞ ምን ሆኖ መጣ?» የምትል ሴት ሰውነቷ አያርፍም፣ እንቅልፍ ያጥራታል፣ ልቧ ይመታል፣ ነገር ይጠፋባታል፣ ጨጓራዋና ራሷን ያማታል፤ ሐኪም ቤት ሄዳም የጨጓራ ኪኒን ይዛ ትመለሳለች፣ ስለ ቤቷ የጠየቃት የለማ። ቢጠይቋትስ ባልየው አጠገቧ ቆሞ ምን ትላለች? ለብቻዋ ነው መጠየቅ ያለባት።

«ጂኒ ነው፣ ቡዳ ነው»
ጠበሉንም ዱዓውንም የሚከለክል የለም። ስትመለስ ግን የምትገባው እዚያው ቤት ነው።

«ድሮም ጭንቀታም ነበረች»
የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ሪፖርት፣ ባል ወይም የፍቅር ጓደኛ ያጠቃቸው ሴቶች በድብርት የመያዝ ዕድላቸው ካልተጠቁት እጥፍ ገደማ ነው። አንዳንዷ ቀድሞም ታማ ሊሆን ይችላል። ታዲያ ለታመመ ሰው ዱላ መድኃኒት ሆነ እንዴ?

«ሀራራው ነው እንጂ እሱስ ጥሩ ሰው ነው»
ይቺን ድሬ ላይ ያልሰማ የለም። ጫት ያጣ ሰው ይነጫነጫል፣ እውነት ነው። ግን ሀራራ ይዞት አለቃውን በጥፊ የመታ ሰው አይታችኋል?

«መምታት ልክ ነው የሚሉት ወንዶች ብቻ ናቸው»
በ2016 (እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ምግብ ማሳረርን ወይም ሳይነግሩት መውጣትን በመሰለ ቢያንስ በአንድ ምክንያት ባል ቢመታ ተገቢ ነው ያሉት ከሴቶች 63 በመቶ፣ ከወንዶች 28 በመቶ ነበሩ። እና ስትመታ «ጥፋቱ የኔ ነው» ትላለች፤ ድብርቱን የሚያከብደውም አንዱ ይሄ ነው። ሽማግሌውም «አንቺም ምላስሽን ሰብስቢ» ብሎ ይሄዳል።

«ጥላው ብትሄድ ይገላግላት ነበር»
ልትሄድ ስትል ወይም በሄደች ማግስት አደጋው ሊብስ ይችላል፣ ጭንቀቱም ቤት ስለቀየረች ወዲያው አይለቃትም። መታወቂያዋን፣ የልጆቹን የልደት ካርድና ትንሽ ብር የምታምነው ሰው ጋ አስቀድማ ብታስቀምጥ ጥሩ ነው። ሚስትን መምታት በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 ወንጀል ነው። «ቤቱ በስሙ ነው» ለሚሉም፣ ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ በትዳር የተፈራን ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ ነው ብሎ ይገምታል። «መሞት ይሻለኛል» ካለች ግን ሌላው ሁሉ ይቆይ፤ ብቻዋን አትተዉአት፣ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ውሰዷት።