የድሬዳዋ ምድር ባቡር የጥገና ጋራዥና የሙያ ለማጅነት

የድሬዳዋ ምድር ባቡር የጥገና ጋራዥ በአሮጌው ባቡር ጣቢያ ግቢ ውስጥ የሚገኝ፣ በጅቡቲና በአዲስ አበባ መካከል በተዘረጋው የአንድ ሜትር ስፋት ሐዲድ ላይ ሲመላለሱ የኖሩ ሎኮሞቲቮችና ፉርጎዎች ሲጠገኑበት የኖረ ሥፍራ ነው። የከተማው ሰው ጋራዡን የሚያስታውሰው በጠገነው ባቡር ብቻ ሳይሆን ባወጣቸው የቶርኖ (ብረትን እያሽከረከሩ የሚቀርጹበት ማሽን) ሠራተኞች፣ በያጆች፣ ቀጥቃጮችና ብረት አቅላጮች ጭምር ነው። የቴክኒክ ትምህርት ቤት እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን፣ ለአንድ የድሬ ልጅ የብረት ሥራን ከባለሙያ ጎን ቆሞ ለመልመድ ዋናው ደጅ ይህ ነበር። በአገሪቱ የመጀመሪያው የኢንዱስትሪ ትምህርት ቤት ነው የሚሉም አሉ፤ አባባሉ ቢያከራክርም ከእውነት የራቀ አይደለም።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የሐዲዱን ሥራ ፈቃድ ለስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ 311 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ቀድሞ የታሰበው ወደ ሐረር እንዲወጣ ነበር፤ ነገር ግን ተራራውን መውጣት የሚጠይቀው ወጪ ሐዲዱን ከሚዘረጋው ኩባንያ አቅም በላይ በመሆኑ መስመሩ በቆላው እንዲያልፍ ተደረገ፤ ጣቢያው ያረፈበት ሜዳም ለጊዜው «አዲስ ሐረር» ተባለ። ኩባንያው ከሰረና ሥራው ለዓመታት ቆመ፤ በእግሩ የተተካው የፍራንኮ ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ ሐዲዱን አዲስ አበባ ያደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ለድሬዳዋ ያ መቆም ሲሳይ ነበር ማለት ይቻላል፤ የመስመሩ መጨረሻ ሆና በቆየችባቸው ዓመታት ጣቢያውም፣ ጋራዡም፣ የከዚራ ሠፈርም ሥር ሰደዱ።

ለማጅ የሚጀምረው ከሞረድና ብረት ጨብጦ ከሚይዘው ከሞርሳ ነው። አንዲት ቁራጭ ብረት በሞርሳ ታስራ ትሰጠዋለች፤ እርሱም ፊቷን በሞረድ ይልጋል፣ ቀጥ ማለቷን የሚፈትሽበትን የማዕዘን መለኪያ፣ ስኳድራውን፣ ያስደግፍባታል፣ ወደ መስኮቱ ዞሮ ያያል፤ በስኳድራውና በብረቱ መካከል ብርሃን ካለፈ ሥራው አላለቀም ማለት ነው። የሠራተኞቹ አለቃ ካቦው ምንም ሳይናገር ብረቷን ተቀብሎ አይቶ ሲመልስለት፣ ልጁ እንደገና መሞረድ እንዳለበት ይገባዋል። ይህ ሥራ አሰልቺ ቢሆንም፣ ቆይቶ በቶርኖ ላይ ሲቆም የሚጠቅመውን ዓይን የሚሰጠው እርሱ ነው።

ከፍ ያለው ትምህርት በመንኰራኩር ላይ ነው። ባቡር ኩርባ በበዛበት መስመር ሲሄድ፣ መንኰራኩሩ ከሐዲዱ እንዳይወርድ የሚይዘው ጠርዝ እየሳሳ ይሄዳል፤ ስለዚህ ጥንዶቹ መንኰራኩሮች ከነዘንጋቸው ወጥተው በትልቅ ቶርኖ ላይ ይታሰሩና በልክ ሰሌዳ (ትክክለኛውን ቅርጽ በሚያሳይ መለኪያ) እየተፈተሹ ቅርጻቸው ይመለሳል። በጠቅላላው ካለቀም የውጪው ብረት ቀለበት ይቀየራል። አዲሱ ቀለበት ሆን ተብሎ በጥቂቱ ጠቦ ይቦረቦርና በእሳት ይሞቃል፤ በሙቀቱ ሲሰፋ በመንኰራኩሩ ላይ ይጠለቃል፣ ሲቀዘቅዝም ጨምድዶ ይይዛል። ልኩ የተሳሳተ እንደሆነ ቀለበቱ ወይ ይላላል ወይ ይሰነጠቃል። የብረት ማቅለጫውም ትምህርት ከዚህ አይተናነስም፤ የቀለጠው ብረት የሚፈስበት ቅርጽ የሚወጣበት የእንጨት ሞዴል ከሚፈለገው ዕቃ ተለቅ ብሎ ካልተሠራ፣ የፈሰሰው ብረት ሲቀዘቅዝ በአንድ ሜትር 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚኮማተር ዕቃው ያንሳል።

የሥራ ቋንቋው ፈረንሳይኛ ስለነበር ለማጁ ከሙያው ጋር ቋንቋም ይለምድ ነበር። በግቢው አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና ዐረብኛ የሚናገሩ ሰዎች በአንድ ሞርሳ ዙሪያ ይሠሩ ስለነበር፣ አንዱ ሲያስተምር ሌላው ሲያስተረጉም መዋሉ የተለመደ ነበር።

የኢጣልያ ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) ሎኮሞቲቭ ሳይጎትታቸው በራሳቸው ሞተር የሚሄዱ ባቡሮችን ወደ መስመሩ አምጥቷል። በ1940ዎቹ ናፍጣ ሎኮሞቲቮች መግባት ሲጀምሩ የቦይለር (የእንፋሎት ባቡር ውኃ ማፍያ) ሙያ ቀስ በቀስ እየደበዘዘ፣ የኤሌክትሪክና የናፍጣ ፓምፕ ባለሙያ ቦታውን ያዘ። በ1952 ዓ.ም. በተደረገው ውል ኢትዮጵያና ፈረንሳይ በኩባንያው እኩል ባለድርሻ ሆኑ፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያም ድርጅቱ የኢትዮጵያና የጅቡቲ የጋራ ንብረት ሆነ። የመለዋወጫ እጥረት እየባሰ በሄደበት በዚያ ዘመን፣ ከውጭ የማይመጣውን ዕቃ በግቢው ቀርጾና አቅልጦ መሥራት የሠራተኛው የዕለት ሥራ ነበር። የጋራዡ እውነተኛ ክብርም እዚህ ላይ ነው።

ዛሬ ሙያ መልመድ በሕግ የተደነገገ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የልምምዱ ዓይነትና ጊዜ፣ ለለማጁ የሚከፈለውና የሥራው ሁኔታ በጽሑፍ ውል እንዲሰፍር ይጠይቃል፤ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም ሰልጣኞቻቸውን በትብብር ስልጠና ወደ ድርጅቶች ይልካሉ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ባቡር በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ ሐዲዱም 1,435 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ሲሆን፣ የድሬዳዋ ጣቢያውም ከመሀል ከተማ ውጭ ነው። በአሮጌው ግቢ ለአንድ ሜትር ሐዲድ የተሠሩት የልክ ሰሌዳዎች ለእርሱ አይሆኑም።